ኤስኤስዲዎች ሲጣመሩ ፍጥነታቸው የሚባዛው መንገዱ ከቻላቸው ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ኤስኤስዲዎችን አጣምሮ ስለመጠቀም የወጣውን ጽሑፍ ይመለከታል

ክቡራን አዘጋጆች፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ኤስኤስዲዎችን (ተንቀሳቃሽ አካል የሌላቸውን ፈጣን የመረጃ ማከማቻ ዲስኮች) በአንድነት አጣምሮ ስለመጠቀም የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ስለሚያሠራው ዘዴ የሰጡት ማብራሪያ ግልጽና ለጀማሪም የሚገባ ነው፤ ፋይል ተቆራርጦ በየዲስኩ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚተርፍ ያስረዱበት ክፍል የሚነቀፍ ነገር የለውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ስሌት ነው። በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት የሚያነብ አንድ ኤስኤስዲ ካለ ሁለቱ 7,000፣ አራቱ ደግሞ 14,000 ሜጋባይት ያነባሉ የሚለው ማባዛት በወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም፣ ዲስኮቹ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ከቁጥር ሳያስገባ የተሠራ በመሆኑ አንባቢን ላልተገባ ወጪ ሊዳርግ ይችላል። እኔም በዚሁ ስሌት ተመርቼ የተሳሳትሁ ሰው ስለሆንሁ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

ኤስኤስዲ ያነበበው መረጃ ጥቅም ላይ የሚውለው ከፕሮሰሰሩ ጋር ወደተያያዘው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ ወደ ራም ሲደርስ ነው። ከዲስኩ ማስገቢያ እስከ ራሙ ድረስ ያለው መንገድ ግን ለሁሉም ማስገቢያ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የኤም.2 ማስገቢያ (ትንንሽ ኤስኤስዲዎች የሚሰኩበት) በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው የራሱ መስመር አለው። የቀሩት የኤም.2 ማስገቢያዎች፣ አብዛኞቹ የሳታ (የቆየው ዓይነት የዲስክ መገናኛ) መሰኪያዎች፣ የኔትወርኩና የብዙዎቹ ዩኤስቢዎች መሰኪያዎች ግን የሚያያዙት ቺፕሴት ከሚባለው ሌላ ቺፕ ጋር ነው። ቺፕሴቱ ከእነዚህ ሁሉ የተቀበለውን መረጃ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያሳልፈው በአንድ መገናኛ ብቻ ነው፤ የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ይህን መገናኛ ዲኤምአይ ይለዋል፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ደግሞ ለተለመዱት የዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች አራት ሌን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የመረጃ መተላለፊያዎች) ያለው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ይጠቀማል። ማዘርቦርድ ላይ አምስት ማስገቢያ ስናይ አምስት መንገድ ያለ ይመስለናል፤ አራቱ ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ተጉዘው አንድ በር ላይ ይገናኙ ይሆናል።

የዚህ በር ስፋት በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 አንድ ሌን በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 985 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ 4.0 የሚባለው ትውልድ ይህን እጥፍ፣ 5.0 ደግሞ የእጥፍ እጥፍ ያደርገዋል። ኢንቴል ዜድ97ን በመሳሰሉት የቀድሞ ቺፕሴቶቹ የተጠቀመበት ዲኤምአይ 2.0 ጣሪያው በሰከንድ 2 ጊጋባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዜድ170 ጋር የመጣው ዲኤምአይ 3.0 ይህን ወደ 3.93 ጊጋባይት ከፍ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዜድ690 ደግሞ ስምንት ሌን ባለው ዲኤምአይ 4.0 ወደ 15.75 ጊጋባይት አደረሰው። በኤኤምዲ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤክስ570 ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው በአራት ሌን የ4.0 መስመር፣ ማለትም በሰከንድ 7.88 ጊጋባይት ገደማ በሚያሳልፍ መንገድ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ቢ550 ግን በ3.0 አራት ሌን፣ የዚያን ግማሽ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ የማዘርቦርዱ አዲስነት ብቻውን ስለ በሩ ስፋት የሚነግረን ነገር የለም።

ከበሩ ስፋት ይልቅ የሚያስገርመው ከበሩ ኋላ የሚሰለፈው ብዛት ነው። ዜድ170 ለማስገቢያዎች የሚያከፋፍለው እስከ 20 የሚደርስ የ3.0 ሌን ነበረው፤ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው መንገድ ግን የአራት ሌን ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዜድ790 እስከ 20 የ4.0 እና እስከ 8 የ3.0 ሌኖችን ያድላል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ በሰከንድ 47 ጊጋባይት ገደማ ይሆናሉ፤ የሚያልፉበት ዲኤምአይ ግን ያው 15.75 ጊጋባይት ነው። የኤኤምዲው ኤክስ670 ደግሞ ሁለት ቺፖች በሰንሰለት የተያያዙበት በመሆኑ፣ በኋለኛው ቺፕ ላይ የተሰካ ዕቃ ሁሉ በፊተኛው በኩል አልፎ ያንኑ አራት ሌን ይጋራል። ይህን የማነሣው አምራቾቹን ለመክሰስ አይደለም። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራበት አጋጣሚ ጥቂት ስለሆነ፣ መስመርን ማጋራት የተለመደና ምክንያት ያለው ንድፍ ነው። ችግሩ፣ ኤስኤስዲዎችን ማጣመር ማለት ሁሉም ዲስክ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ሆን ብሎ ማዘዝ መሆኑ ነው። ንድፍ አውጪው አልፎ አልፎ ካልሆነ አይመጣም ብሎ የገመተውን ጭነት፣ ዲስኮቹን ያጣመረው ሰው ፋይል በከፈተ ቁጥር ያመጣዋል።

በራሴ የደረሰውን ላውሳ። ለቪዲዮ አርትዖት የሚሆን ኮምፒውተር ስገጣጥም፣ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት የሚያነቡ ሁለት የኤንቪኤምኢ (በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የሚሠሩ) ኤስኤስዲዎችን በማዘርቦርዱ ሁለት የኤም.2 ማስገቢያዎች ሰክቼ፣ ፋይሉን በሁለቱ ላይ በሚያከፋፍለው በሬይድ ዜሮ አጣመርኋቸው። ማዘርቦርዱ ዲኤምአይ 3.0 ያለው ነበር። የንባብ መለኪያው 3,500 አካባቢ ደርሶ ቆመ፤ ጥምሩን አፍርሼ አንዱን ዲስክ ብቻውን ስለካውም ውጤቱ ያው ሆነ። ሙቀት ነው ብዬ ማቀዝቀዣ ጨመርሁ፤ ድራይቨር ቀየርሁ፤ የዲስኮቹን ፈርምዌር (ውስጣዊ ሶፍትዌር) አሻሻልሁ። ለቀናት ያሳሳተኝ ደግሞ የጽሕፈቱ ውጤት ነበር፤ አንዱ ዲስክ ብቻውን ሲጽፍ 2,300 ሜጋባይት የነበረው በጥምር ወደ 3,400 ከፍ ብሎ ስላየሁት፣ ሬይዱ እንደሚሠራና ጉድለቱ በንባብ በኩል ብቻ እንደሆነ አመንሁ። እውነቱ ግን ሁለቱም ውጤቶች የሚነግሩኝ አንድ ነገር መሆኑ ነው። የአንዱ ዲስክ ጽሕፈት በሩን ስለማይሞላ ሁለተኛው ሲጨመር የሚያድግበት ቦታ ነበረው፤ ንባቡ ግን በአንድ ዲስክ ብቻ በሩን ሞልቶት ስለነበር የሚጨመርበት ቦታ አልነበረም። ሁለቱም አንድ ጣሪያ ነክተው ቆመዋል።

ጣሪያው 3.93 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ 3.5 አካባቢ ላይ የቆመው ለምንድን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ መረጃው በዚህ መስመር የሚጓዘው በትንንሽ ጥቅሎች እየተከፋፈለ መሆኑ ነው። አንዱ ጥቅል ብዙውን ጊዜ 128 ወይም 256 ባይት ይይዛል፤ በየጥቅሉም ላይ አድራሻና የስሕተት መቆጣጠሪያ ይታከልበታል። ከመስመሩ አቅም አንድ አሥረኛ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለዚሁ ይውላል። ከላይ የጠቀስኋቸው የጣሪያ ቁጥሮች ይህን ቀንሰው አያሳዩም።

መፍትሔው የተገኘው ከማዘርቦርዱ ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ፣ ብዙ ሰው በማይገልጠው ገጽ፣ የመስመሮቹን አያያዝ የሚያሳየውን ንድፍ ሳይ ነው። ሁለቱም ማስገቢያዎች ከቺፕሴቱ ኋላ ነበሩ። አንዱን ዲስክ በአስማሚ ካርድ ላይ አድርጌ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ ወደተያያዘው ሁለተኛው ረጅም ማስገቢያ አዛወርሁት፤ የቺፕሴቱ የራሱ ሬይድ ወደዚያ የማይደርስ በመሆኑም ጥምሩን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ሠራሁት። የንባብ ፍጥነቱ 6,700 ሜጋባይት ገደማ ደረሰ። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ የግራፊክስ ካርዱ ከ16 ሌን ወደ 8 ሌን መውረዱ ሲሆን፣ ለእኔ ሥራ ልዩነቱ የሚታወቅ አልነበረም። የዲስኮቹ ዓይነት አልተቀየረም፤ የተቀየረው የአንዱ ቦታ ብቻ ነው።

በሳታ የሚሠሩ ኤስኤስዲዎችን የሚያጣምሩ ሰዎች ከዚህ ጣጣ የሚያመልጡ ሊመስል ይችላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ሳታ በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ስለሆነ አንዱ ዲስክ በተግባር የሚደርሰው 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ስድስቱ ተደምረው 3,300 ስለሚሆኑ ሌላ ጭነት ከሌለ ዲኤምአይ 3.0 ይችላቸዋል። በዲኤምአይ 2.0 ላይ ግን አራቱ ብቻ 2,200 ሆነው ከጣሪያው ያልፋሉ። ከዚህ የባሰው አምራቾች የመሰኪያ ቁጥር ለማብዛት የሚጨምሩት ተጨማሪ የሳታ ቺፕ ነው። ለምሳሌ ኤኤስኤም1061 የሚባለው ቺፕ ሁለት የሳታ መሰኪያ ይሰጣል፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ግን በአንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ሌን፣ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ ዲስክ ብቻውን የሚያጨናንቀው መስመር ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። እነዚህን መሰኪያዎች ከቺፕሴቱ መሰኪያዎች የሚለያቸው አንዳንዴ የፕላስቲኩ ቀለም ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ያም የለም።

ጽሑፋችሁ ያልነካው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ መታወቅ አለበት የምለው ጉዳይ፣ በሬይድ ዜሮ ውስጥ አንድ አዝጋሚ አባል ጥምሩን በሙሉ ወደ ራሱ ፍጥነት የሚያወርደው መሆኑ ነው። ፋይሉ በእኩል ቁራጭ ስለሚከፋፈል፣ ፈጣኖቹ ድርሻቸውን ጨርሰው ዘገምተኛውን ይጠብቃሉ። ሦስት ዲስኮች በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት በሚያሳልፍ ሙሉ መስመር ላይ፣ አራተኛው ደግሞ ሁለት ሌን ብቻ በደረሰው ማስገቢያ ላይ በ1,700 ይሠራሉ እንበል። ሦስቱ ብቻቸውን ቢጣመሩ 10,500 ይሰጣሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ጥምሩ የሚደርሰው አራት ጊዜ 1,700፣ ማለትም 6,800 ነው። ገንዘብ ተጨምሮ ፍጥነት ተቀነሰ ማለት ነው። ሁለት ሌን ብቻ የሚደርሰው ማስገቢያ ደግሞ ብርቅ አይደለም። በብዙ ማዘርቦርዶች አንድ የኤም.2 ማስገቢያ ሲያዝ ሁለት የሳታ መሰኪያዎች ከሥራ ውጭ ይሆናሉ፤ ወይም የሳታ መሰኪያዎቹ ሲያዙ ማስገቢያው ከአራት ወደ ሁለት ሌን ይወርዳል። ይህ የሚገለጸው ብዙውን ጊዜ በመመሪያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው።

ለደኅንነት ሲሉ የሚያጣምሩም ከሒሳቡ ነፃ አይደሉም። አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ ደግሞ የሚያስቀምጠው «ሬይድ አንድ» በሶፍትዌር ተሠርቶ ሁለቱም ዲስኮች ከቺፕሴቱ ኋላ ከሆኑ፣ አንዱ ጊጋባይት መረጃ ለእያንዳንዱ ዲስክ ለየብቻ ስለሚላክ በሩን ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ 3.5 ጊጋባይት የሚያሳልፈው መስመር ለጽሕፈት 1.75 ብቻ ሆኖ ይቀራል። የራሱ ፕሮሰሰር ያለው የሬይድ ካርድ ግን መረጃውን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ማባዛቱን ከበሩ ወዲያ ስለሚያከናውን በዚህ ረገድ ይሻላል። «ሬይድ አምስት» በሚባለው ደግሞ ትንሽ ጽሕፈት አሮጌውን መረጃና አሮጌውን የማጣሪያ ቁጥር (አንድ ዲስክ ቢጠፋ የጎደለው መልሶ የሚሰላበትን) ማንበብን፣ ከዚያም ሁለቱንም አድሶ መጻፍን ስለሚጠይቅ አንዱ ጉዞ አራት ይሆናል።

ይህ ሁሉ በግልጽ የሚታየው ግን ዲስክ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካ ነው። ከቺፕሴት ኋላ ባሉ ስድስት የሳታ ኤስኤስዲዎች በተሠራ ሬይድ አምስት ውስጥ አንዱ ቢበላሽ፣ የጎደለውን መልሶ ለማስላት የተረፉት አምስቱ እኩል ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው። እያንዳንዱ 2 ቴራባይት ቢሆንና በሩ በተግባር በሰከንድ 1,600 ሜጋባይት ቢያሳልፍ፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ የሚደርሰው 320 ሜጋባይት ነው፤ ሥራውም 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። በሩ ባይኖርና እያንዳንዱ በ500 ሜጋባይት ቢነበብ ግን በ67 ደቂቃ ገደማ ያልቅ ነበር። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ሥራ ቆሞ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ልዩነቱ የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በሚዛን መታየት አለበት። እነዚህ መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ስለዚህ ከኔትወርክ የመጣ ፋይል ጥምር ዲስክ ላይ ሲጻፍ፣ ከኔትወርክ ካርዱ ወደ ራም የሚወጣውና ከራም ወደ ዲስኩ የሚወርደው አይጋፉም። የሚጋፉት ባንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ናቸው፤ ከዲስኩ ትልቅ ቪዲዮ እየተነበበ በ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ሌላ ፋይል ሲመጣ፣ የኋለኛው ብቻውን በሰከንድ 1.25 ጊጋባይት ከንባቡ ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ጥምሩ የሚያገለግለው በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ለተገናኙ ሰዎች ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ማነቆው 125 ሜጋባይት የሚያሳልፈው የኔትወርኩ ገመድ ነውና እስካሁን ያልሁት ሁሉ አይመለከታቸውም።

ለአብዛኛው የዕለት ተዕለት ሥራም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ሲነሣና ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበቡት ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚወስነው አንዱ ጥያቄ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። 4 ኪሎባይት ለማንበብ 80 ማይክሮሰከንድ የሚወስድ ዲስክ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ከቀረቡለት በሰከንድ 50 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ያነባል፤ ይህን በየትኛውም በር ማሳለፍ ይቻላል፤ ዲስክ በዲስክ ላይ መጨመርም አያፈጥነውም። ጽሑፋችሁን አንብቦ ሁለተኛ ዲስክ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ በየትኛው ወገን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ምናልባት ግዢው ራሱ አያስፈልገው ይሆናል።

ጥምሩ ከተጠበቀው በታች የሆነበት አንባቢ ደግሞ ጥፋቱ የዲስክ ይሁን የመንገድ ለይቶ የሚያውቅበት ቀላል ፈተና አለ። ጥምሩ ገና ባዶ ሳለ፣ ወይም መረጃው ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ ጥምሩን አፍርሶ እያንዳንዱን ዲስክ ለየብቻ መለካት፤ ከዚያ ሳያጣምሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እየለኩ ውጤታቸውን መደመር ነው። ለየብቻ ሙሉ ፍጥነታቸውን የሰጡ ዲስኮች አብረው ሲለኩ ድምራቸው ሁለትም ሆኑ ሦስት ከአንድ ቁጥር ካላለፈ፣ መንገድ እየተጋሩ ነው። ለየብቻም ሲለካ ከጓደኞቹ የሚያንስ ዲስክ ከተገኘ ግን የተሰካበትን ማስገቢያ መመርመር ነው፤ ሊኑክስ ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩ በስንት ሌንና በየትኛው ትውልድ እየሠራ እንዳለ ይናገራል።

ከፍተኛ ፍጥነት በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው መንገዱ የፕሮሰሰሩን ቀጥታ ሌኖች መጠቀም ነው። ኤኤም4 በሚባለው መሰኪያ በሚገቡት የተለመዱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ከ24 ሌኖች 16ቱ ለግራፊክስ፣ 4ቱ ለአንድ ኤም.2፣ የቀሩት 4ቱ ለቺፕሴቱ ይመደባሉ፤ ከዚህ ውስጥ አራት ዲስክ የሚሸከም ቦታ የሚገኘው ግራፊክስ ካርዱ ከተነሣ ብቻ ነው። የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤኤምዲ ኤፒክ 128 ሌን ይዞ መጥቷል። አራት ዲስክ የሚይዙት ርካሽ ካርዶች የሚሠሩት ማዘርቦርዱ 16ቱን ሌን በአራት በአራት መክፈል ሲችል ብቻ ነው፤ ካልቻለ የሚታየው የመጀመሪያው ዲስክ ብቻ ይሆናል። የራሳቸው ማከፋፈያ ቺፕ ያላቸው ካርዶች ይህን አይጠይቁም፤ ነገር ግን እነሱም ከታች አራት ዲስክ ተቀብለው ወደ ላይ በስምንት ሌን የሚያሳልፉ ከሆነ፣ በሩን ከማዘርቦርዱ አንሥተው ካርዱ ላይ አኖሩት እንጂ አላስወገዱትም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ለቀደመው ጽሑፍ ማስተካከያ ሲወጣ ስሌቱ ዲስኮቹ ሁሉ የየራሳቸው መስመር ሲኖራቸው ብቻ የሚሠራ መሆኑ እንዲገለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ማዘርቦርድ በምትገመግሙበት ጊዜ የማስገቢያዎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን የትኛው ማስገቢያ ከፕሮሰሰሩ፣ የትኛው ከቺፕሴቱ እንደሚያያዝ፣ ቺፕሴቱም በስንት ሌን ወደ ላይ እንደሚገናኝ በአንድ አነስተኛ ሠንጠረዥ እንድታወጡ ነው። መረጃው በየመመሪያው ውስጥ ስላለ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድባችሁም። በሁለቱ ዲስኮች ላይ ያደረግሁትን ልኬት፣ ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ከፈለጋችሁት ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የዘወትር አንባቢያችሁ